ከሱኬ ቀጥሎ

የካቲት ነው፣ ሌዝብሪጅ። ከተራራው ማዶ
ሞቃት ነፋስ ወርዶ ተረታ በረዶ፤
የሐራጅ ቤቱ በር ሲንኳኳ፣ ሲመታ፣
ቅጽ እሞላለሁ እኔ፣ ከጠዋት እስከ ማታ።

ዕቃ፦ ጎራዴ። አገር፦ ጃፓን።
ርዝመት፦ ስልሳ ስድስት ሳንቲ ሜትር።
ሠሪው፦
እዚህ ላይ ብዕሬ እንደ በቅሎ ቆመ።

ያመጣችው ቨርና፣ የኮሎዲቹክ ልጅ፤
አባቷ ከጦር ሜዳ ይዞት መጣ እንጂ
“ከማን?” ብሎ ማንም አንድ ቀን አልጠየቀው።
በጋ በጋ አውርዶ ከጎተራው ጣራ
አጥር ይመለምላል፣ ከመጋዝ በተራ።
“አሁንም ስለት ነው” አለች፣
አውራ ጣቷን በፕላስተር ጠቅልላ።

ሚስተር ሂራን ጠራን፤ ዘጠና አንድ ዓመቱ፣
ብረት በመበየድ ያለቀ ጉልበቱ።
ኮቱን ሳያወልቅ፣ ወገቡን ሰበረ፣
ጎራዴውን እጅ ነሥቶ ሥራውን ጀመረ።
የቀርከሃ ችንካር፣ ጣት የምታክል መዶሻ፤
ኳ። ኳ። እጀታው ተንሸራቶ ወጣ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤
የዚህ ግን ከእጀታ በታች ተቀብሯል።
ሰሙ ሲገፈፍለት የወጣው ወርቅ አይደል፣ ዝገት፤
እንደ ቴምር ፍሬ የጠቆረ ብረት።

የሽቦ ጨርቅ አነሣሁ፣ ልፈትገው፣ ላበራ፤
አንጓዬን ጨበጠኝ የሻከረው ሂራ።
“ተው ልጄ፣ ይሄ እኮ አይደለም እድፍ፤
የልደቱ ወረቀት፣ የዘመኑ ጽሕፍ።
ከፋቅኸው ማን ያምነዋል?”

የሕፃን ፓውደር ነው ከኪሱ ያወጣ፤
በአውራ ጣቱ ሲቀባው ነጭ መስመር መጣ፣
የመሮ ጠባሳ፣ ከዝገቱ መሐል፣
ባትሪውን በጎኑ ሲያበራው ይጎላል።

ከላይ ወደ ታች ነው የሚነበበው።
ጣቱ ብረቱን ሳይነካ፣ ከአየር ላይ፣
“ቢዜን። ይሄ አገሩ።
ኦሳፉኔ። መንደሩ።
ከዚህ ስሙ ይጀምራል። ሱኬ…”
ዝም አለ።

ከሱኬ ቀጥሎ ቀዳዳ።
ከቀዳዳው ቀጥሎ የተቆረጠ ጫፍ።

“ሱኬ ምን?” አለች ቨርና፣ ወንበሯን ጎትታ።
“ሱኬሳዳ ይሆናል። ሱኬሚትሱ ይሆናል።
ሱኬሳዳ ቢሆንስ? በዚያ ስም በዚያች መንደር
አባት ቀጥቅጧል፣ ልጅ ቀጥቅጧል፣
የልጅ ልጅ፣ ደግሞ ጎረቤት።”

መጽሐፉን ገለጠ፣ የፊርማ ግልባጭ፣ በየገጹ ጥቁር፤
ምሳ ሰዓት አለፈ፣ እሱ ጭረት ሲቆጥር።
“እየው አግድሙን፤ ሦስት ምት ነው።
ሦስተኛው ሁልጊዜ ወደ ታች ይሸሻል።
ብርድ ይሆናል፣ ወይ ችኮላ፣ ወይ እንደ እኔ እርጅና።
ይህ እጅ መጽሐፉ ውስጥ የለም።
እጁ ግን ነበረ።”

“ማነው የቆረጠው?” “ባለቤት ነዋ!
የረዥም ሰው ጎራዴ ለአጭር ሰው ደረሰ፤
ስለቱን ለማትረፍ ከጭራው ቀነሰ።”

ሳቀ፣ ጥርሱን ሳያሳይ።
“ሂራ ትሉኛላችሁ። ሂራቡኪ ነበርኩ።
በጦርነቱ ጊዜ ከባሕሩ ዳር አንሥተው
ለስኳር ቀይ ሥር እርሻ ከባቡር ሲያራግፉን፣
ጸሐፊው ቅጽ ነበረው፣ የአንተን የሚመስል።
መስመሩ አጠረበት።
እኔ ሰባት ዓመቴ፤ አባቴ ፊደሉን አያውቅ።
በቃ፣ ደሞዙም በሂራ፣ መንጃ ፈቃዱም በሂራ፣
የባለቤቴም የመቃብር ድንጋይ።
መጥፎ ስም አይደለም። ለመጥራት ይቀላል።”

ቨርና ሰዓቷን አየች። “ታዲያ ምን ያወጣል?”
እሱ ችንካሩን መለሰ፣ በአንድ ምት፣
ፓውደሩን ከጣቱ በሱሪው ጠረገ።
“ሙሉ ቢሆን ይበልጥ ነበር” አለና ባርኔጣውን ፈለገ።

ነፋሱ በሩን ነጥቆ ወሰደለት።

“አይታወቅም” ይጻፋል፣ እንደ ደንቡ።
ብዕሬን አነሣሁ።
ሠሪው፦ ሱኬ
አልኩና የቀረውን መስመር ተውኩት።
ወረቀቱን ወደ ክላሰሩ ላስገባ
በመብሻ ብበሳው፣
ቀዳዳው ሄዶ ያረፈው
ከሱኬ ቀጥሎ።